ቃሬዛ የተሸከመችው ባሎቴ

ተቀመጡ ልጆቼ። እኔም ልቀመጥ፤ ጉልበቴ ዛሬ አልታዘዝ ብሎኛል። ነገሩ የድሮ ነው፤ እናቴ እንደነገረችኝ እነግራችኋለሁ።

በወላይታ ቆላ አንዲት መንደር ነበረች። ከወንዙ ወዲህ ካቶሊኮች፣ ከወንዙ ወዲያ ፕሮቴስታንቶች ይኖሩባት ነበር። ለቅሶ አይደራረሱም። ካቶሊኮቹ፣ «እነዚያ ለሞተ ሰው አይጸልዩም፤ ቀብረው ይረሳሉ» ይላሉ። ፕሮቴስታንቶቹ፣ «እነዚያ ለሞተ ሰው እየጸለዩ የክርስቶስን ማዳን ይጠራጠራሉ» ይላሉ።

ባሎቴ ከፕሮቴስታንቶቹ ወገን ነበረች። ባል የሞተባት፣ ልጅ የሌላት፣ የሰው ማሳ እያረመች የምታድር ሴት።

አንድ ዓመት ወባ ገባ። የካቶሊኮቹ አስተማሪ የነበረው ሻንካ ሚስቱ ሞተችበት። ወንዶቹ በትኩሳት ወድቀዋል፤ ቃሬዛ የሚያነሳ ጠፋ። ባሎቴ ወንዙን ተሻገረች። ቃሬዛውን ተሸከመች። ከቀብር በኋላ ጠየቀችው።

«ጋሼ ሻንካ፣ ለሞተ ሰው ለምን ትጸልያላችሁ?»

«ሞተች ብዬ መውደዴን ልተው?» አላት።

ስትመለስ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ አንጁሎ፣ «ለሞተ ሰው በሚጸለይበት ቀብር ቆመሻል» ብሎ ከጌታ እራት አገዳት።

«ይሁን» አለች። «ሰውየው ግን የሚጸልየው ስለሚወዳት ነው።» ወደ አረሟ ሄደች።

ወባው አልበረደም። የአንጁሎ ልጅ ሞተ። አሁንም ተሸካሚ ጠፋ። ባሎቴ ወንዙን ተሻግራ ሻንካ ደጅ ቆመች፤ ቃሬዛውን እንዲሸከም ለመነችው።

«ያገደሽ ሰው አይደል?» አላት።

«እሱ ነው።»

«ለገዛ ልጁ እንኳ አይጸልይም እኮ!»

«ልጁ በጌታ እጅ ነው ብሎ ስለሚያምን ነው፤ ስለማይወደው አይደለም። ና፣ የአባቱን ፊት እየው።»

ሻንካ ጋቢውን አነሳ። ወንዙን አብሯት ተሻገረ። አንጁሎ ሻንካን ከቃሬዛው ፊት ሲያየው ወደ እሱ ሄደ። ከጎኑ ገብቶ ተሸከመ።

ብዙም ሳይቆይ ከካቶሊኮቹ ሌላ ሰው ሞተ። በዚያን ቀን ባሎቴ ራሷ በትኩሳት ተኝታለች። አንጁሎ ሊጠይቃት ገባ። ልትነሳ ሞከረች፤ አቃታት።

«ደከመኝ ጋሼ» አለችው። «የዛሬውን አንተ ሂድልኝ።»

አንጁሎ ሄደ። ሲመለስ ባሎቴ አርፋ አገኛት።

ከወንዙ ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው ተሸከማት። ሻንካ ድምፁን አውጥቶ ጸለየላት። አንጁሎ እስኪጨርስ አንገቱን ደፍቶ ጠበቀው።

በጸሎቱ ነገር ዛሬም አልተስማሙም፤ የሚስማሙም አይመስለኝም። ነገር ግን በዚያች መንደር ሰው ሲሞት፣ ከወንዙ ማዶ ሰው እስኪመጣ ቃሬዛው አይነሳም። ዝናብም ቢሆን ይጠብቃሉ። የሚጠብቁትም የሚመጡትም ይደክማቸዋል። ያልመጡበት ቀን ግን የለም።