ውዳላት ለእመቤታችን አደራ የሰጠቻቸው እንቁላሎች

የአምላክ እናት የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ምልጃዋና ረድኤቷ ይህን ቃል ለመስማት በተሰበሰባችሁ ሁሉ ላይ ይደርና፥ በአንዲት ደጋ አገር ለምትኖር ሴት ያደረገችውን ተአምር አድምጡ።

ውዳላት የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ምጥ የያዛቸውን እያዋለደች፥ ዶሮም እያረባች ትኖር ነበር። እመቤታችንንም አብዝታ ትወድ ነበርና በየማለዳው ውዳሴዋን ሳታደርስ እህል ውሃ አትቀምስም፤ ዶሮዎቿም ከሚጥሉት የመጀመሪያውን እንቁላል በስሟ ለነዳያን ትሰጥ ነበር።

ክረምቱ በወጣ ጊዜ ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ በዚያ አገር ገባና ከቤት ቤት እየተዛወረ ዶሮውን ሁሉ ፈጀው፤ እንቁላል ልትታቀፍ ጭር ያለች አንዲት የውዳላት ዶሮ ብቻ ተረፈች። ጎረቤቶቿም ከወንዝ ማዶ ካሉ ዘመዶቻቸው እንቁላል ለምነው አመጡና ዘር እንዲተርፍላቸው ለውዳላት አደራ ሰጧት፤ እርስዋም ቅርጫት ውስጥ ገለባ አንጥፋ ዶሮዋን አስታቀፈቻት።

ከዚያም የመፈልፈያው ቀን ሲቃረብ ዶሮዋ ጥሬ ልትለቅም በወረደችበት ሰዓት ቀበሮ ነጥቋት ሄደ። ውዳላትም ላባዋ በደጅ ተበትኖ ባየች ጊዜ ደነገጠች፤ ነገር ግን እንቁላሎቹ ገና ሙቀት ነበራቸውና በባዘቶ ጠቅልላ ከጡቷ ሥር አኖረቻቸው፥ በመቀነቷም ታጥቃ ከምድጃው አጠገብ ተቀመጠች፤ እንዳይሰበሩም ጋደም ማለትን ተወች፤ ዶሮ እንደምታደርገው እያገላበጠች፥ ውዳሴዋንም በተቀመጠችበት እያደረሰች ሰነበተች። ደብሪቱ የምትባል ጎረቤቷም እህል ውሃ ታቀብላት ነበር።

ከዕለታት በአንዱ ቀን በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲዘንብ ገድሉ የሚባል ሸክላ ሠሪ ወደ ደጇ መጣ። የአገሩ ሰው ሸክላ ሠሪዎችን ቡዳ ናቸው እያለ ይሸሻቸው ነበርና ከደጅ ቆሞ፥ ሚስቱ ባንቺአምላክ ምጥ ጠንቶባት ልትሞት እንደ ሆነ፥ ቤቱንም የሚደፍር ሰው እንዳጣ ነገራት። ውዳላትም እስክትመለስ ድረስ እንቁላሎቹን እንድትታቀፍላት ደብሪቱን ለመነቻት፤ ደብሪቱ ግን ተቆጣች።

«የአገሩን ሁሉ ዘር ለሸክላ ሠሪ ሚስት ብለሽ ልታበርጂው ነው? እኔ የለሁበትም፤ ሰው ሲጠይቅሽ አንቺው መልሺ» አለቻትና ትታት ወጣች።

ውዳላትም መቀነቷን ፈትታ እንቁላሎቹን ወደ ቅርጫቱ መለሰችና ከግድግዳው ላይ ካለው ከእመቤታችን ሥዕል ፊት አኖረቻቸው።

«እመቤቴ ሆይ፥ ልጅሽን ታቅፈሻል፤ እነዚህንም ደርበሽ ታቀፊልኝ፤ እኔ ወደ ሴቲቱ ልሂድ» ብላ ሰገደችና ወጣች።

ሕፃኑም በእግሩ መጥቶ ነበርና ምጡ እስከ ማግሥቱ ቆየ፤ ውዳላትም እንቁላሎቹ ትዝ ባሏት ቁጥር የእመቤታችንን ስም ትጠራ ነበር፥ እጇን ግን ከሥራዋ አላነሳችም። በእግዚአብሔርም ቸርነት እናትና ልጅ በሕይወት ተለያዩ፤ እርስዋም ለጎረቤቶቿ የምትመልሰውን እያሰበች ወደ ቤቷ ተመለሰች።

ደብሪቱም ትኩስ አጥሚት ይዛ በመንገድ አገኘቻትና ያቺ ዘመድሽ ከወዴት የመጣች ናት ብላ ጠየቀቻት። ዘመድ እንደሌላት ብትነግራት ደብሪቱ ተገርማ እንዲህ ስትል ተረከችላት፤ ማምሻውን ተጸጽታ እንቁላሎቹን ልትታቀፍ ብትገባ አንዲት ሴት በአንድ ክንዷ ሕፃን ይዛ፥ ቅርጫቱንም በልብሷ ከልላ ተቀምጣ ነበር፤ እሳቱ ጠፍቷል፥ ቤቱ ግን እንደ ቀትር ይሞቃል።

«‹እነዚህን እኔ ይዣቸዋለሁ፤ አንቺ ለምትወልደው ሴት አጥሚት ሥሪላት› አለችኝ» አለች።

ሁለቱም ፈጥነው ወደ ቤት ገቡ። ሴቲቱ አልነበረችም፤ አመዱም ቀዝቅዟል፤ በቅርጫቱ ውስጥ ግን አንድ እንኳ ሳይጎድል ጫጩቶቹ ሁሉ ተፈልፍለው ይጮሁ ነበር። ውዳላትም ያቺ ሴት ማን እንደ ሆነች አወቀችና በሥዕሏ ፊት ወድቃ አለቀሰች፥ አመሰገነችም። ደብሪቱም አጥሚቱ ሳይበርድ ተነሥታ ወደ ሸክላ ሠሪው ቤት ሄደች፤ ከዚያም ቀን ጀምሮ ሌሎቹ ጎረቤቶችም እርስዋን አይተው ደጁን ይረግጡ ጀመር።

በምጥና በጭንቅ ላሉት ሁሉ የደረሰች እመቤታችን ለእናንተም ትድረስላችሁ፤ ቤታችሁን ከቸነፈር፥ ልባችሁንም ባልንጀራን ከመናቅ ትጠብቅላችሁ፤ ለዘለዓለሙ አሜን።