ሁለት አለቃ፣ አንድ ጀርባ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ሁሉ በአንድ ትልቅ ገደል ሥር በሚኖሩበት ዘመን፣ የአገሩን ሰማይ የሚጠብቅ አንድ የአእዋፍ ጦር ነበረ። የጦሩ አለቃ ጭልፊት ነበር። ጭልፊቶቹ ከዛፍ ጫፍ እስከ ገደሉ አናት ባለው አየር እየተወረወሩ ጠላት ያባርራሉ። በዚያው ጦር ውስጥ ያሉት አሞራዎች ግን ዓይን ከማይደርስበት ከፍታ ወጥተው ከተራሮቹ ማዶ የሚነሣውን ሰደድ እሳትና የሚመጣውን የአንበጣ መንጋ አስቀድመው ያያሉ።

አንድ ቀን ትልቁ አሞራ ንጉሡ አንበሳ ዘንድ ቀረበ።

«ጌታዬ፣ ጭልፊት ጎበዝ ነው፤ አልክድም» አለ። «ነገር ግን እኔ ከምሠራበት ከፍታ አንድ ቀን እንኳ ደርሶ አያውቅም። ያላየውን ሥራ እንዴት አድርጎ ያዝዘኛል? ትናንት ‹ምን ዝም ብለህ ትንሳፈፋለህ፣ ወርደህ አይጥ አባር› አለኝ።»

«አይጥ ማባረርም ሥራ ነው» አለ ጭልፊት አኩርፎ።

አንበሳ ነገሩን አመዛዘነና የአሞራ አቤቱታ እውነት ሆኖ አገኘው።

«ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ጦር ናችሁ» አለ። «ጭልፊት የአየሩ አለቃ፣ አሞራ የላይኛው ሰማይ አለቃ። ሁለታችሁም ግን የምትኖሩት በእኔ በአንድ ቤት ሥር ነው። ውሃ የሚያመላልስና የጎጆ ሣር የሚያቀርብ ለየብቻ አላቆምላችሁም። እመት አህያ ለሁለታችሁም ትሥራ። ደንቡን እመት ቀበሮ ታውጣ።»

ልብ አድርጉ፤ ጦሩ ለሁለት መለየቱ ጥፋት አልነበረም። ሁለቱ በአንድ አገልጋይ መጠቀማቸውም ጥፋት አልነበረም። አንድ ምንጭ ለሁለቱ ከበቃ ሌላ ምንጭ ለምን ይቆፈራል? ጥፋቱ ያለው ቀበሮ ባወጣችው ደንብ ላይ ነው። ደንቡ አህያ ለማን ስንት ጊዜ እንደምትወጣ፣ በየትኛው መንገድ እንደምትወጣ፣ ብትዘገይ ማን እንደሚቆጣት ሳይቀር ይናገራል። ማን እንደሚመግባት፣ ስትታመም ማን እንደሚያሳርፋት ግን አንድ ቃል እንኳ የለበትም። ቀበሮ ይህን ረስታው አይደለም። ብታነሣው ሁለቱ አለቆች እንደሚጨቃጨቁና እሷንም ዕረፍት እንደሚነሷት አውቃ ሆን ብላ ዘለለችው።

እንዲህ ሆኖ ሥራው ተጀመረ። አህያ ጠዋት ለጭልፊቶቹ፣ ቀትር ላይ ለአሞራዎቹ ውሃ ትጭናለች። ክረምቱ አልፎ በጋው ሲገባ ጀርባዋ ተላጠ፣ ከዚያም ቆሰለ። ቁስሉ ከጭነቱ መደላድል ሥር ስለነበረ ማንም አላየውም። ለማየት የፈለገም አልነበረም።

አንድ ጠዋት የውሃ ቅሎቹን አራግፋ ስታበቃ ጭልፊት ፊት ቆመች።

«አለቃ፣ ጀርባዬ ገጥቧል። ቁስሉ አጥንት ሊነካ ነው፤ እንዲህ ከቀጠልኩ እሞታለሁ። ሰባት ቀን ብቻ ልረፍ።»

ጭልፊት ላባውን ከማስተካከል ቀና አላለም። «የእኔ መንገድ ሜዳ ነው። ያቆሰለሽ የላይኛው ዳገት ነው። እሱን አሞራን ጠይቂ።»

«እሳቸው ቢያሳርፉኝ የእርስዎም ውሃ ይቀራል እኮ።»

«የእኔማ አይቀርም። የእኔን እያደረስሽ ከእሱ ሥራ ታርፊያለሽ።»

ቀትር ላይ ዳገቱን ወጥታ አሞራ ዘንድ ደረሰች። ገና አፏን ሳትከፍት፣ «ቅሎቹ ሞልተዋል?» አላት።

«ሞልተዋል፣ አለቃ። ጀርባዬ ግን…»

«ሰምቻለሁ። እኔ እንግዲህ አዲስ አለቃ ነኝ፣ እመት አህያ። አንቺ ከድሮም የጭልፊት ነሽ። እኔ በውሰት ነው የምጠቀምብሽ። በውሰት ያገኘሁትን ላሳርፍ ምን ሥልጣን አለኝ?»

«ለማሳረፍ ሥልጣን ከሌለዎት ለማዘዝ ከየት አገኙት?»

«ከደንቡ» አለና ክንፉን ዘርግቶ ሄደ።

እንግዲህ ፍረዱ። አንዱ ቁስሉን በመንገዱ አሳበበ፤ ሌላው በውሰት። ውሃውን ግን ሁለቱም ጠጡ።

አህያ ስትወርድ ደክሟት ከመንገዱ ዳር ተንበረከከች። ከቁጥቋጦው አጠገብ ጅብ ተቀምጦ ነበር።

«እንዴት ዋልሽ፣ እመት አህያ» አላት። «ጎድንሽ ከስቷል። ደግነቱ ጭንሽ እንዳለ ነው።»

አህያ እንደምንም ተነሥታ ሄደች። ጅብም በቀጥታ ወደ ቀበሮ ገሠገሠ።

«ይቺ አህያ የማን ናት?»

«የሁለቱም ናት፣ አያ ጅቦ» አለችው ቀበሮ። «ስለዚህ የማንም አይደለችም።»

«የማንም ካልሆነችማ የእኔ ናት።»

«ዝም ብለህ ብትበላት አንበሳ ይቆጣል። ፊቱ ቀርበህ ጠይቅ። ባለቤት ነኝ የሚል እንደማይነሣ እኔ አውቃለሁ። ሲፈቀድልህ ታዲያ ጉበቷን እንዳትረሳኝ።»

በማግሥቱ ጠዋት ሁሉም አንበሳ ፊት ተሰበሰቡ። አህያም ከነመደላድሏ መጥታ በአንድ በኩል ቆመች።

«ጌታዬ» አለ ጅብ ምራቁን እየዋጠ፣ «ይቺ አህያ ታማለች፣ ባለቤትም የላትም። ሳትበላሽ ብትሰጠኝ።»

አንበሳ ወደ ጭልፊት ዞረ። «ያንተ አይደለችም?»

«ውሃዬን ስታመጣ የእኔ ናት፣ ጌታዬ። ቁስሉ ግን የአሞራ ነው።»

«አሞራስ?»

«እኔ ተዋሽ ነኝ፣ ጌታዬ።»

«ቀበሮ፣ ደንቡ ምን ይላል?»

«በጋራ ታገለግላለች ነው የሚለው» አለች ቀበሮ መሬት መሬት እያየች። «ማን ይጠብቃት የሚል የለበትም። እርስዎም አንብበው አጽድቀውታል።»

«በጋራ ከሆነችማ እኔም ልጋራ» አለ ጅብ። «እኔ የኋላውን እወስዳለሁ። ፊተኛውን እነሱ ይጫኑት።»

የሳቀ የለም። አህያ ሳትጠየቅ ወደ ፊት ራመድ አለች።

«ጌታዬ፣ ጦሩ ለሁለት ሲለይ ደስ ብሎኝ ነበር» አለች። «አንዱ ቢረሳኝ ሌላው ያስታውሰኛል ብዬ ነበር። ሁለት አዛዥ አገኘሁ፤ ‹እንዴት ነሽ› የሚለኝ ግን አንድም አላገኘሁም። ጅብንስ አልቀየመውም፤ እሱ የፈለገውን በግልጽ ተናግሯል። እነዚህ ግን የእኔን ውሃ ጠጥተው ነው የሚበሩት፤ ዛሬ ‹የእኔ ናት› ቢሉ ሰባት ቀን ውሃ መቅዳት ይመጣብናል ብለው ለጅብ ሰጡኝ። ልብላሽ ያለኝ እሱ ነው፤ የጨረሱኝ ግን እነሱ ናቸው።»

አንበሳም፣ «ጥፋቱ የተጀመረው ከእኔ ነው» አለ። «አገልግሎቷን ለሁለት አካፈልኩ፣ ጠባቂዋን ግን አልሰየምኩም። ስሙ። እስክትድን ድረስ አንዳችሁ ሣሯን፣ አንዳችሁ ውሃዋን ታመጣላችሁ፤ ወታደር ሳትልኩ፣ በራሳችሁ። ብትሞት ሁለታችሁም ከሹመታችሁ ትወርዳላችሁ። ግማሽ ግማሹን ጥፋት ተካፍላችሁ የምታመልጡበት መንገድ የለም። እያንዳንዳችሁ ሙሉውን ትጠየቃላችሁ።»

«እኔስ፣ ጌታዬ?» አለ ጅብ።

«ድርሻ ጠይቀህ የለም? እሷ እስክትድን የጦሩን ቅሎች አንተ ትሸከማለህ።»

ጅብ አሰበ። «ስንት ናቸው?»

«አራት።»

«ሁለቱን ቀበሮ ትያዝልኝ። ጉበቱን ልትካፈለኝ ነበር።»

አንበሳ ቀበሮን አየና፣ «ሁለቱን ትያዝ» አለ። ቀበሮም አንገቷን ደፍታ ከጅብ ጋር ወደ ምንጩ ወረደች።

«አሁን» አለ አንበሳ ለሁለቱ አለቆች፣ «መደላድሉን አውርዱላት።»

አሞራ በአንድ በኩል መጥቶ በመንቁሩ ሳበው። መደላድሉ ከቁስሉ ጋር ተጣብቆ አልነቃነቅ አለ፤ አህያም በሕመም ተሸማቀቀች። ጭልፊት በሌላው በኩል ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። ሁለቱ በግራና በቀኝ ቆመው፣ እኩል፣ ቀስ እያሉ ሲያነሡት ተላቀቀ። ቆዳዋም አብሮት ተነሣ። ከሥሩ ነጭ አጥንት ታየ።

ጭልፊት ፊቱን አዞረ። አሞራ ግን ዓይኑን መንቀል አቃተው።

«ከላይ ሆኜ የሦስት ቀን መንገድ ርቆ የሚነሣ ጭስ አያለሁ» አለ በዝግታ። «ይህን ግን አላየሁም።»

«በየቀኑ ቀትር ላይ ፊትዎ እቆም ነበር» አለችው አህያ።

ከዚህ የምንማረው፣ በአንድ አገልጋይ በጋራ የሚጠቀሙ ሁሉ ስለ ደኅንነቱም እያንዳንዳቸው ሙሉ በሙሉ እንደሚጠየቁ፣ የድካሙን ፍሬ ወስዶ ቁስሉን ወደ ሌላው የሚገፋ ደግሞ አለቃ መባል እንደማይገባው ነው።