ባለ ሦስት ደረጃው ገንዳ

ተረት ተረት፤ የጥማት መድኃኒት።

የአገሩን ሥራ የሚመራው አያ ዝሆን ምንጩ ዳር የድንጋይ ገንዳ ሊያሠራ ተነሣና እንደ ልማዱ ከፍታውን በገዛ ኩምቢው ለክቶ ምልክት አደረገ። እመት ኤሊ ምልክቱን ቀና ብላ ብታየው ከራሷ በላይ ሆነባት።

ዝም ብላ አልሄደችም። ጃርትንና ጥንቸልን ጠርታ ሦስት ቀን ሙሉ ጭቃ ሲያቦኩ ሰነበቱ። ከዚያም ባለ ሦስት ደረጃ ትንሽ የጭቃ ገንዳ ሠርተው አያ ዝሆን ፊት አስቀመጡ።

«ማን አዘዘሽ?» አላት ኤሊን።

«ማንም አላዘዘኝም። ውሃ ያፍሱበትና ይዩት» አለችው።

በኩምቢው ቀድቶ አፈሰሰበት። ውሃው ላይኛውን ሞልቶ ወደ መካከለኛው፣ ከዚያም ወደ ታችኛው ወረደ። አያ ዝሆን ብዙ ሲያየው ቆየና የራሱን ምልክት በእግሩ አጠፋ።

ገንዳው ልክ እንደ ጭቃው ተሠራ።

በዓመቱ የወንዙ ድልድይ ሊሠራ ሆነ። አያ ዝሆን ኤሊ ደጅ ድረስ መጥቶ ኩምቢውን ዝቅ አደረገና «እመት ኤሊ፣ እስቲ ይቁሙልኝ፤ የመወጣጫውን ደረጃ በእርስዎ ልለካ ነው» አላት።

ኤሊም አንገቷን እስከ መጨረሻው መዝዛ ቆመች።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ጉሮሮዬን ከታችኛው ገንዳ አርሱልኝ።