የእመቤት ላም አጋፋሪ

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት በሉኝ፤ ወሬው የተነሣው ከዚያው በረት ነውና።

የእመቤት ላምን ደጅ የሚጠብቀው አጋፋሪ ጃርት ነበር። እሾሁ ጦር ያህላል፤ ሥርዓት ከማክበሩ የተነሣ ዝንብን እንኳ «እግርሽን ጥረጊ» ሳይል አያስገባም። ጅብ ምሽት በመጣ ቁጥር እሾሁን አይቶ ይመለሳል።

ጭፈራ ስለሚከለክላቸው ግን በረቱ ውስጥ የሚኖሩት ፍየልና ጦጣ ጥርስ ነከሱበት። አንድ ቀን ጦጣ ጠጋ ብላ፣ «አያ ጃርት፣ እሜቴ ወደውሃል። እሾህህን ፈርተው ነው እንጂ ሊያገቡህ ነበር» አለችው።

«ሥርዓቱ ይፈቅዳል?» አለ ጃርት።

«ለሙሽራ ምን የማይፈቀድ አለ?»

ጃርት እያለቀሰ እሾሁን አንድ በአንድ ነቀለ። ራቁቱን እመቤት ላም ፊት ሲቀርብ ፍየልና ጦጣ ከመሣቃቸው ብዛት ሰባት ተራራ ተናደ። ላሚቱም ሣቀች።

ጃርት ሄዶ በሩ ላይ ቆመ፤ ሲመሽ አጋፋሪ ከበሩ አይጠፋምና።

ጅብ መጣ። ዙሪያውን እየዞረ አየው፤ አንድም እሾህ የለም።

«እግርህን ጥረግ» አለው ጃርት።

ጅብ አራቱንም እግሩን ደህና አድርጎ ጠርጎ ገባ።

ተረቴን መልሱ፤ በሩንም ዝጉልኝ።