ወርቅ የመሰለው የኩል ድንጋይ

ሰው ሲሳሳት ጠብቀን ጣል የምናደርጋት ተረት አለች። እኔም አንድ ቀን በጎረቤቴ ላይ ስተርታት አያቴ ሰምተው፣ "ዝም በል! ለፌዝ የተነገረች መሰለችህ?" ብለው ተቆጡኝ። እንዲህ ነው የሆነው አሉ።

አንጓችን እናቷ ስትሞት በአባቷ ቤት አክስቷ ደብሪቱ ናት ያሳደገቻት። ደብሪቱ ባልም ልጅም የላት፤ ዓለሟ አንጓች ብቻ ናት። የልጅቱ ሰርግ ሳምንት ሲቀረው ደብሪቱ ወንዝ ዳር እንደ ወርቅ የሚያብለጨልጭ ድንጋይ አገኘች። "እንዲህ ያለ ኩል የተኳለች ሙሽራ ባገሩ አልታየችም!" ብላ እየበረረች ለኩል ሻጯ ለእማማ ዘሀራ አሳየቻቸው።

እማማ ዘሀራ የራሳቸውን የኩል ድንጋይ ቢያሹት ጣታቸው ጠቆረ። የደብሪቱን ቢያሹት ምንም የለም። በቢላ ጀርባ ቢመቱት እሳት ተፈናጠረ፤ ድኝ ድኝም ሸተተ።

"ልጄ፣ ኩል ለጣት የሚለቅ ለስላሳ ነው። ይሄ ከብረት ጋር ይታገላል፤ ዓይን አይችለውም" አሏት።

"ገበያዎ እንዳይቀርብዎ ነዋ!" ብላቸው ሄደች።

ሦስት ቀን ሙሉ ወቀጠችው። ያ ወርቅ የመሰለ ድንጋይ ሲደቅ ጥቁር ዱቄት ወጣው። "እሰይ! ይኸው ኩል!" አለች። ምስኪን፣ በጣቶቿ መሀል ሲሻክራት እንኳ ልብ አላለችም።

በሰርጉ ዋዜማ ኳለቻት።

"አክስቴ፣ ይቆረቁረኛል።"

"ቻይው እናቴ፣ ቁንጅና እንዲህ ነው።"

ልጅቱ መቻል አቅቷት ዓይኗን አሸችው። ወይ አለማወቅ! ሲነጋ ቀኝ ዓይኗ አብጦ ተከድኗል፤ ሰርጉም ቀረ። ከወር በኋላ ሲገለጥ ነጭ ሆኗል፣ አያይም።

ዘመድ ተሰብስቦ፣ "ጠላት ናት! ከቤት ትውጣ፣ ልጅቷንም ዳግም አትያት!" አለ። ደብሪቱ መሬት ላይ ተደፍታ፣ "የኔን ዓይን አውጥታችሁ ስጧት!" እያለች ታለቅሳለች። የአንጓች አባት እማማ ዘሀራን ለምስክርነት አስጠሩ።

"አስጠንቅቀዋት አልነበረም? ይመስክሩባት።"

"አዎን፣ ነግሬያታለሁ፤ እሷም ሰድባኛለች" አሉ አሮጊቷ። ወዲያው ጎንበስ ብለው ደብሪቱን በክንዷ ይዘው አነሷትና ከአንጓች አጠገብ አስቀመጧት። ልጅቱም አክስቷን እቅፍ አድርጋ ይዛ አልለቅም አለች።

እማማ ዘሀራ ወደ ዘመዱ ዞረው፣ "ጠላት አትበሏት፤ ኩል ልኳል ብላ ዓይን አጠፋች እንጂ፣ ዓይን ላጥፋ ብላ ኩል አላነሣችም" አሉ።