ባለ ወፍጮውና በቅቤ የታሸው ዱባ

አንድ ሰው ነበረ። ከምነግርህ ውስጥ አንዲት ቃል ውሸት ብትገኝ ፈጣሪ ዕድሜዬን ያሳጥረው፤ ይርዳው፣ እንዳትጠራጠር። ሚስትህ ልትወልድ አንድ ወር ቀርቷታል፤ አንተ ግን «አባባ፣ ለሕፃኑ ክፍል ምን ይቀረኛል?» እያልክ በዚህ ሳምንት ብቻ ሦስት ጊዜ በሬን አንኳኩተሃል። መጀመሪያ ስለ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ስለ መጋረጃው፣ ዛሬ ደግሞ ስለ መብራቱ። እንግዲህ ቁጭ በልና ስማ፤ አራተኛ ጊዜ እንዳትመጣ።

ሰውየው ባለ ወፍጮ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሲጠብቅ ኖሮ ሚስቱ አረገዘች። የሚስቱ ዘመዶች «የመጀመሪያ ልጅ በእናት ቤት ነው የሚወለደው፤ አራስነቷንም እዚያው ትጨርስ» አሉ። እሱ እምቢ አለ። ልጁ በዚህ ዓለም መጀመሪያ የሚያየው ጣሪያ የአባቱን ቤት ጣሪያ እንዲሆን ፈለገ። ከብዙ ጭቅጭቅ በኋላ የሚስቱ አክስት፣ አሥራ አንድ ልጅ ያሳደገች ሴት፣ መጥታ ቤቱን እንድታይ፣ ካልበቃ ሚስቱን ይዛት እንድትመለስ ተስማሙ።

ታዲያ ምን አደረገ? የእድሩን ወንዶች ሰብስቦ መከረ። አንዱ «አይጥ እንዳይደርስበት ልብሱ ከፍ ይበል» አለ፤ መደርደሪያው ጣሪያ ሥር ተሰቀለ። ሌላው «እንዳይወድቅ» አለ፤ የሕፃኑ አልጋ አጥር እንደ ከብት በረት ተነሳ፣ ሕፃኑን ከውስጡ ለማውጣት እንደ ጉድጓድ ውሃ ገመድና ባልዲ ያስፈልግ ነበር። ሦስተኛው «ብርድ ነው ጠላቱ» አለ፤ መስኮቱ በሚስማር ተመታ። አራተኛው «እንግዳ እንዲያየው» ብሎ ክፍሉን ከሳሎኑ አጠገብ፣ ከእናትየው መኝታ ማዶ አደረገው። እሷ ከአልጋዋ ተነስታ እዚያ ለመድረስ ስንቅ መያዝ ነበረባት። ከእነዚህ መካሪዎች ውስጥ የሕፃን ጨርቅ በእጁ የቀየረ አንድም አልነበረም። አንደኛውማ ስድስት ልጅ ወልዶ፣ ሕፃን ጨርቅ እንደሚቀየርለት የሰማው ያን ቀን ነው።

ሚስቲቱ ሁለት ጊዜ «እኔ ግን...» ብላ ጀምራ ነበር። ሁለቱንም ጊዜ «አንቺ ዕረፊ፤ ይሄ የኛ ሥራ ነው» አሏት።

አክስቲቱ መጣች። ሰውየው በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ ምስጋና ሊሰማ ቆመ። እሷ ግድግዳውን ቀና ብላም አላየች። ማድ ቤት ገባች፣ የሕፃን ያህል ዱባ መርጣ ቅቤ አሸችው፣ በጨርቅ ጠቀለለችውና በግራ ክንዱ አስታቀፈችው።

«ይሄ ልጅህ ነው» አለችው። «ሲታጠብ እንዲህ ነው የሚያሙለጨልጨው። ታጥቦ ሳያበቃ ደግሞ ጨርቁን አርጥቧል። ቀይርለትና አስተኛው።»

«የት ላስቀምጠው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? ክፍሉን ያዘጋጀኸው አንተ።»

ማስቀመጫ ፈለገ፤ ከዚያ በአጥር ከታጠረው አልጋ በቀር የለም። ደረቅ ጨርቅ ፈለገ፤ ጣሪያ ሥር ነው። በርጩማ ላይ ወጣ፣ ዱባውን በአገጩና በትከሻው መካከል ያዘ፣ ተንጠራራ።

«አንገቱን ደግፍ» አለች አክስቲቱ ከታች።

«ዱባ አንገት የለውም እማማ።»

«ልጅህ አለው።»

ያን ጊዜ አመለጠው። ዱባው መሬት ሲመታ ወፍጮ ቤት ድረስ ተሰማ፤ ተራ የሚጠብቁት ሰዎች ወጥተው ሰማይ አዩ።

ሰውየው ወርዶ የፈሰሰው ፍሬ መሃል ተቀመጠ። ዘጠኝ ዓመት የጠበቀውን ልጅ የጣለ ያህል ስብርባሪውን እየለቀመ በጨርቁ መልሶ ሊጠቀልል ሞከረ። አክስቲቱ የሚስቱን ሻንጣ አነሳች። አልከለከላትም። ብቻ ቀና ብሎ ሚስቱን «የት ይሁንልሽ?» አላት።

«ይህን ለመጠየቅ የግድ ዱባ መሞት ነበረበት?» አለችው።

ከዚያ ወደ መኝታ ቤቷ ሄደች። አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች፤ ግራ ክንዷን ሕፃን እንደታቀፈች አጥፋ ቀኝ እጇን ዘረጋች። «እጄ የሚደርሰው እዚህ ድረስ ነው። ከዚህ ያለፈው ሁሉ ለኔ ገበያ ነው» አለች።

ሰውየው ያን ቀን ሲነቅል ዋለ። መደርደሪያውን እስከ ወገቧ አወረደ፣ የአልጋውን አጥር ቆረጠ፣ ሁሉንም ጎትቶ እጇ ሥር ሰበሰበው። ያ ያማረ ክፍል ባዶውን ቀረ። አክስቲቱም ሻንጣውን መልሳ አስቀምጣ፣ አንድ ቃል ሳትናገር ብቻዋን ወደ አገሯ ሄደች። ልጁ እዚያው በአባቱ ቤት ተወለደ።

ይርዳው፣ ባለ ወፍጮው አንተ ነህ። ስድስት ልጅ ወልዶ አንድ ጨርቅ ያልቀየረ ሽማግሌ ደጅ እየተመላለስክ ምን ይቀረኛል ትላለህ፤ የምትጠየቀው ሴት እቤትህ ቁጭ ብላ። ክፍል ተዘጋጀ የሚባለው እንግዳ ሲያደንቀው አይደለም። አንድ እጇ የተያዘ፣ እንቅልፍ ያጣች ሴት፣ በሌላው እጇ የምትፈልገውን ስታገኝበት ነው። ተነስ፣ ሂድና እጇ የት እንደሚደርስ ለካ።

ቆይማ፣ መሐላዬ ከበደኝ። አንዲት ትንሽ ነገር ፈጥሬያለሁ። አክስቲቱ አንድ ቃል ሳትናገር አልሄደችም። በሩ ላይ ቆማ እኛን መካሪዎቹን አንድ በአንድ እየጠራች ተናግራናለች፤ ለኔ ያለችኝን ግን ለማንም አልነግርም።