የዲኑ ጉርሻ

እኔ የኮሌጅ ደጃፍ ረግጬ አላውቅም ልጆቼ፤ ይህቺን ግን ስሙኝማ። አንዲት ምላሷ የሰላ ተማሪ ነበረች አሉ። በስብሰባ መሀል ተነሥታ፣ «የምትመግቡን ምስር ወጥ ጠጠር በጠጠር ነው!» ብላ ተናገረች። የኮሌጁ ዲን ዶክተር ወልደሰንበት እንደ ስድብ ቆጠሩት። በማግስቱ ምሳ ሰዓት መመገቢያ አዳራሹ ገብተው፣ ተማሪው ሁሉ እያየ፣ ከልጅቷ ሳህን ይህን የሚያህል ጉርሻ ጠቀለሉ።

«ጉረሺና ‹ይጣፍጣል፤ ትናንት ዋሽቼ ነው› በይ። አለዚያ ዛሬውኑ ትባረሪያለሽ!»

ታዲያ የትልቅ ሰው ጉርሻ እንዴት እምቢ ይባላል? እጅ ነሥታ ጎረሰች። እንደ ምንም ዋጠችና እሷም በተራዋ ጠቀለለች።

«ዶክተር፣ በሞቴ፣ የኔንም ይጉረሱልኝ!»

ያጎረሰ ሰው አልጎርስም ሊል ነው? ጎረሱ። ቀጭ! ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማ፤ ጉንጫቸውን ይዘው ቀሩ እላችኋለሁ።

«እንግዲህ ዶክተር፣» አለች ልጅቷ፣ «እኔ እውነቱን ብናገር እባረራለሁ። እርስዎን የሚያባርርዎ የለምና፣ ይጣፍጥ እንደሆነ እርስዎ ይንገሩልን።»